በበረዶ ላይ የዋለችው አውራ

ፎቶውን የሚያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደንቁት ጠብታዎቹን ነው። በአውራዋ ንብ ፊት ላይ፣ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ባለው ፀጉር ጫፍ ጫፍ፣ ከስኳር ቅንጣት ያነሱ የውሃ ጠብታዎች ተደርድረዋል። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አርባ ሦስት ናቸው። "የጠዋት ጤዛ እንዲህ ያምራል እንዴ!" ይሉኛል። ጤዛ አይደለም። ከፍሪጅ በወጣ ጠርሙስ ላይ የሚታየው ዓይነት ላብ ነው። ለብዙ ጊዜ ይህን ለማንም አላስረዳሁም።

ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝ ሰው የለም። አባቴ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ማርና ሰም ይነግዳል፤ የአያቴም ሥራ ይኸው ነበር። ከደጋው የሚመጣው ሰም እኛ ጓሮ ቀልጦና ተጣርቶ ለጧፍ ሠሪዎች ይሸጣል። ከቀለጠው ሰም ላይ የሞቱ ንቦችን በወንፊት ማውጣት የእኔ ድርሻ ነበር። ሌላው ሰው ጠራርጎ የሚጥላቸውን እኔ ወረቀት ላይ ዘርግቼ አያቸው ነበር። በኋላ አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ገዢ ያጣለትን አሮጌ ካሜራ ገዛሁ። ሌንሱን ገልብጠው ከገጠሙት ቅርቡን እጅግ እንደሚያጎላ ከስልኬ አነበብኩ። ቶርኖ ቤት ሄጄ ካሜራውን በጥቂት በጥቂቱ ወደፊት የሚገፋ ብሎን አሠራሁ።

"ለምን ዓይነት ማኪና ነው?" አለኝ ሠራተኛው።

"ለንብ።"

ሥራውን አቁሞ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

ብሎኑ ያስፈለገኝ በዚያ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚታየው የወረቀት ውፍረት የምታህል ሽፋን ብቻ ስለሆነ ነው። ዓይኗ ሲጠራ ፀጉሯ ይደበዝዛል፤ ፀጉሯ ሲጠራ ዓይኗ ይጠፋል። ስለዚህ ብሎኑን እያዞርኩ መቶ ያህል ፎቶ አነሳለሁ፣ ኮምፒውተሩ ከየአንዳንዱ የጠራውን ለቅሞ አንድ ምስል ያደርገዋል። በመሃል ንቧ አንድ እግሯን ካነቃነቀች መቶውም ከንቱ ነው።

መጀመሪያ የያዝኳቸው ቁስቋም ፍርስራሽ ግንብ ውስጥ ቤት የሠሩ ተርቦች ነበሩ። ተርብ ፀጥ ብሎ አይቆምም። እንዲደነዝዙልኝ በብልቃጥ እያደረግሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣቸው ጀመር።

"ከቲማቲም ጎን ተርብ አስቀምጠህ እኛን ሰላጣ ብሉ ትለናለህ?" አለች እናቴ።

"ተኝቶ ነው እማ። አይነቃም።"

"እሱ ከነቃ አንተን ነው የማስተኛህ!"

ሁሉንም በደብተር እጽፍ ነበር። ተርብ፦ ስድስት ደቂቃ በቅዝቃዜ፣ በአርባ ሰከንድ ይነቃል። ንብ፦ አራት ደቂቃ፣ በግማሽ ደቂቃ ትነቃለች። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ተነሥታ የበረረችውን ሁሉ "ደህና" ብዬ እመዘግባለሁ። ከበረረች በኋላ ምን እንደሆነች ለመጻፍ ዓምድ አልነበረኝም።

ከጎንደር በላይ ባለው ደጋ፣ ኮሶዬ ላይ፣ ከአስፋልቱ ሃያ ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ቦታ፣ የአባቴ የቆዩ ደንበኛ የሆኑ አንድ ንብ አናቢ ገበሬ አሉ። አያ ነው የምላቸው። ሙስሊም ስለሆንኩ እሳቸው ቤት ስሄድ ሥጋ አይቀርብም፤ ድንች ይቀቀላል፣ ቆሎ ይቆላል፣ ለእኔ ብቻ የተለየች ኩባያ በወተት ትሞላለች። አያ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው። አጥር የሚጋራቸው ጎረቤታቸውም እንዲሁ አንድ። ሁለቱን በሬዎች አቀናጅተው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሱ ነበር። ይህ መቀናጆ ነው፤ በአንድ በሬ የሚያርስ ሰው የለምና አንዱ ከተቀየመ የሁለቱም ማሳ ጾሙን ያድራል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አርሰዋል።

በዚያ ዓመት፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ከጎረቤትየው ቀፎ ንብ ተከፍሎ ወጣና አያ ጓሮ ባለው ጽድ ላይ ሰፈረ። "ከኔ ቀፎ ወጥቶ የኔ ነው" አለ አንዱ። "እኔ ዛፍ ላይ ሰፍሮ የኔ ነው" አሉ አያ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሰም ሊገዛ ወጥቶ የነበረው አባቴ ሦስተኛው ሆነ። ንቡን አያ ይያዙት፣ መጀመሪያ የሚቆረጠውን ማር ግን ሁለቱ እኩል ይካፈሉ ተባለ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። አያ አውራዋን ፈልገው ይዘው ከሸምበቆ በተሠራች የጣት ርዝመት ባላት ማሰሪያ ውስጥ ዘጉባትና አዲስ ቀፎ ውስጥ አንጠለጠሏት። አውራዋ ሦስት ቀን እዚያ ከታሰረች ንቡ ቤቱን ይለምዳል፤ ጥሎ አይሄድም።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ደረስኩ።

"አያ፣ አውራዋን ፎቶ ላንሳት?"

"ምነው፣ ይኸ ሁሉ ንብ ሞልቶ ዓይንህ አውራው ላይ ወደቀ?" አሉ። እንደ አካባቢው ሰው ሁሉ አውራዋን "እሱ" ነው የሚሏት።

"ፊቷን በቅርብ ያየው ሰው የለም።"

"እኔ አይቸዋለሁ። እንደኔ ሚስት ኮስታራ ነው።"

"ሰምቻለሁ!" አሉ ሚስታቸው ከውስጥ።

አያ ሳቁና ማሰሪያዋን አውጥተው በመዳፌ ላይ አኖሯት። "እኔ ለቅሶ ልደርስ ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃሃል። ከዚያ ከነቤቱ ቦታው መልሰው። አደራ።"

አስፋልቱ ዳር ካለ ምግብ ቤት የለመንኩትን በረዶ በምሳ ዕቃ ይዤ ነበር። በላዩ ቆርቆሮ አነጠፍኩ፣ አውራዋን ከማሰሪያዋ አውጥቼ በቆርቆሮው ላይ አስተኛኋት። የመጀመሪያው ሙከራ በሰባ ስምንተኛው ፎቶ ላይ ተበላሸ፤ ሆዷ ተነፈሰ። ሁለተኛው በግራ እግሯ ምክንያት። በሦስተኛው ነፋስ ገባ። ግማሽ ሰዓቱ ማለፉን አውቄያለሁ፤ ሰዓቴን አይቼ ነበር። በረዶውን ጠጋ አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። ንቦቹ ከቀፎው እየወጡ እጄ ላይ፣ ካሜራው ላይ፣ ክዳኑ ላይ ይሰፍሩ ጀመር። አንዷም አልነደፈችኝም። እሷን ነበር የሚፈልጉት። ከሌንሱ ፊት በላባ እያነሣሁ ወደ ጎን አደረግኋቸው።

አምስተኛው ተሳካ። መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ፣ አንዱም ሳይነቃነቅ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሆኖ ነበር። ፀሐይ ላይ አኖርኳት። በአራት ደቂቃ እግሯን አነሣች፣ በዘጠኝ ደቂቃ ሄደች። ማሰሪያዋ ውስጥ መልሼ ቀፎው ውስጥ ሰቀልኳት። ደብተሬ ላይ "ደህና" ብዬ ጻፍኩ።

አያ ከለቅሶ ሲመለሱ፣ "ግማሽ ሰዓት በቃችህ?" አሉኝ።

"ትንሽ አለፈች።"

"ደህና ነው?"

"ደህና ናት።"

ያ ፎቶ ከሠራሁት ሁሉ የላቀ ነው። ጎንደር ውስጥ አንድ ሆቴል በትልቁ አሳትሞ እንግዳ መቀበያው ላይ ሰቅሎታል። ቆሜ ሰምቻለሁ፤ የሚበዛው ሰው "ዝንብ ነው?" ይልና ቁልፉን ተቀብሎ ያልፋል።

ታኅሣሥ ላይ አያ ባዶ እጃቸውን ሱቃችን መጡ። ለአባቴ ሲነግሩት እኔ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ነበር። ቀፎው ድንጉላ፣ ሥራ የማያውቀው ወንዱ ንብ፣ ብቻ ሆነ አሉ፤ የሚሠራው ንብ እያረጀ አለቀ፣ የሚተካው አልተወለደም፣ በመጨረሻ የሰሙን እንጀራ ብል በላው። ጎረቤትየው የማር ዕቃውን ይዞ ቢመጣ ባዶ ቀፎ አየ።

"ማሩን ተደብቀህ ቆረጥህ፣ ንቡን በጭስ ጨረስህ አለኝ" አሉ። "እኔን! እሱ ነው እንጂ ፍርዱ ቆጭቶት ዓይኑን የጣለበት። በሬየን ከበሬው ለይቻለሁ።"

"ተው እንጂ፣ ክረምት ሲመጣ ምን ልታደርግ ነው?" አለ አባቴ።

"በጥርሴ አርሳለሁ።"

በዚያ ሳምንት ማንበብ ጀመርኩ። ብርድ አውራዋን አይገድልም። ሆዷ ውስጥ ለዕድሜዋ ያኖረችውን የወንድ ዘር ነው የሚገድለው። ያ ዘር የጠፋባት አውራ እንደ ድሮዋ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ እንቁላልም ትጥላለች፤ ከእንቁላሏ የሚወጣው ግን ድንጉላ ብቻ ነው፣ ድንጉላ ደግሞ አበባ አይቀስምም። ሁለት ሰዓት በዚያ ቅዝቃዜ ለዚህ ይበቃል።

ያኔውኑ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን እርግጠኛ ልሁን አልኩ። በሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል፣ አውራዋ አርጅታም ሊሆን ይችላል እያልኩ ሌላ ጽሑፍ፣ ከዚያም ሌላ ጽሑፍ አነበብኩ። ለፎቶ የሚጠቅመኝ ጥንቃቄ ለፍርሃቴም ጠቀመኝ። መንገዱ የተዘጋባቸው ሳምንታት ነበሩ። ክፍት የሆነባቸውም ነበሩ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሄድኩ። አያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቆሜ ተናገርኩ፤ በረዶውን፣ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃውን፣ ድንጉላውን፣ "ትንሽ አለፈች" ያልኩትን፣ ሁሉን። ሲሰሙኝ ፊታቸው እየፈካ ሄደ።

"አባትህ ነው የላከህ" አሉ።

"ማንም አልላከኝም አያ።"

"ሽማግሌ አይደል፣ ሸጋ ሰው ነው፣ ፍርዱ ስለፈረሰበት አዝኖ ነው። ልጁን ጥፋቱን ተሸከም ብሎ ሰደደው።" ወደ ውስጥ ጮኹ። "አንቺ፣ ነይ ይኸን ልጅ ስሚው! በኔ ይሁን ሊል መጥቷል!"

አገሩ ያውቀዋል። ሽማግሌ የተጣሉትን ለማስታረቅ ያላጠፋውን በራሱ ላይ ያደርጋል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የሚቆምም አለ። እኔም ከዚያ ወገን ሆንኩ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው።

"ጠብታዎቹን ይዩ። ከበረዶው የመጡ ናቸው።"

"ጤዛ ነው እንጂ።"

"ያነሣኋት አምስት ሰዓት ላይ ነው። በአምስት ሰዓት ጤዛ የት አለ?"

"ኮሶዬ አይደል፤ እዚህ ጤዛ ሰዓት አይቆጥርም" አሉና ጉልበቴን መታ አደረጉ። ሚስታቸው እያለቀሱ መረቁኝ። ኩባያዬ በወተት ተሞልታ መጣች። ጠጣሁ፤ እንቢ ማለት አልቻልኩም።

አጥሩን ዞሬ ጎረቤትየው ዘንድ ሄድኩ። በሬውን ከማዶ ሰው በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርስ ነበር። ያንኑ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። እርፉን ሳይለቅ ሰማኝ።

"እሱ ነው የላከህ?"

"አይደለም። በራሴ ነው የመጣሁት።"

"አውራ በብርድ መከነ ነው የምትለኝ? እኛ ታዲያ በዚህ ውርጭ ስንት ልጅ የወለድነው በምንድን ነው?"

የማዶው ሰው ሳቀ። ጎረቤትየው አልሳቀም። "ንገረው፤ ማሩን የበላ አፍ ልጅ አይላክ። ራሱ ይምጣ" አለኝና በሬዎቹን ነዳ።

ስመለስ አያ ማሳቸው ውስጥ ነበሩ። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ድንች ለመትከል አፈሩን በዶማ ይቆፍራሉ። በሬያቸው ዳር ላይ ታስሮ ያመሰኳል። ዶማውን ተቀበልኳቸው፤ እየሳቁ ሰጡኝ። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ "አትጫረው፣ ገልብጠው እንጂ!" ይሉኛል። "የከተማ ልጅ! ከሥር አንሣው!" ሁለት ክንድ ያህል ሳልሄድ መዳፌ ውሃ ቋጠረ።

"አባትህን እንዲህ በለው" አሉ። "ልጅህ ሸጋ ነው በለው። እኔ ግን ከዚያ ሰው ጋር አልታረቅም። ያላደረገውን ልጅ እንኳ አደረግሁ አለ፣ ያደረገው ዝም ብሏል።"

"አያ፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ።"

"እሽ" አሉ፣ ልጅ እንደሚያባብሉ ሁሉ። ተነሥተው ዶማውን ከእጄ ወሰዱ። "ሂድ በል፣ ማኪና ያመልጥሃል።"

ከማሳው ዳር ደርሼ ዞር ብዬ አየሁ። እኔ የቆፈርኩትን ሁለት ክንድ ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና እየቆፈሩት ነበር።