ሰዒድ የቀረበት ወንዝ

ከደሴ የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነበር። የሦስተኛ ዓመት የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ነን፤ ከመምህራችን ከአቶ ዳምጠው ጋር በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ተጨናንቀን ወደ መካነ ሰላም አመራን። ዓላማችን በቦረና ወረዳ ያለውን የተፈጥሮ ጫካና በአጠገቡ የሚወርደውን ወንዝ ማጥናት ነው።

ጉጉፍቱ የሚባለው ደጋ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ሰዒድ የጃኬቱን ግማሽ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገልኝ። ሰዒድን ያሳደገው አጎቱ ነው። እናቱ ወይዘሮ ዘይነባ እሱ ገና ልጅ ሳለ ሳውዲ ገብተው እስከ ዛሬ በሰው ቤት ይሠራሉ።

አቀስታ ከተማ ለምሳ ወረድን። ትኩስ ሽሮ በቃሪያ በላን። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ጠጠርና አቧራ ነው። ግራና ቀኙ እስከ ተራራው አናት ድረስ የታረሰ ሲሆን አልፎ አልፎ ከሚታይ ባሕር ዛፍ በቀር ዛፍ የለም። መካነ ሰላም ስንደርስ ወገባችን ተቆርጦ ነበር።

ጫካው

በማግሥቱ ወደ ጫካው ገባን። ከላይ አስታ የሚሉት የደጋ ቁጥቋጦ፣ ዝቅ ሲል ኮሶና ጥድ። ከእግራችን ሥር መሬቱ እንደ ፍራሽ ይለሰልሳል፤ ከሥሩ የሚወጣው ምንጭ ኩልል ያለ ነው። አቶ ዳምጠው አንድ እፍኝ አፈር አንስተው ጨመቁት፤ ውሃ ተንጠባጠበ።

«ዝናቡን የሚይዘው ይህ ነው» አሉን። ከዚያ ማዶ ያለውን ራቁቱን የቀረ ተራራ አሳዩን። «እዚያ የዘነበው ግን ወዲያው ነው የሚወርደው።»

ሁላችንም ጻፍነው።

ወንዙ

ከሰዓት በኋላ የሠራንበት ወንዝ የሚመጣው ከዚያ ከተራቆተው ተራራ ነበር። ውሃው ከጉልበት አይዘልም። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው፤ ተራራው አናት ላይ ብቻ ደመና ጠቁሯል። የወንዙን ስፋት ልንለካ ሰዒድ ሱሪውን ሰብስቦ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ወደ ማዶ ተሻገረ። እኔ ወዲህኛው ዳር ሌላኛውን ጫፍ ይዣለሁ። ልኩን ጮክ ብሎ ነግሮኝ ሊመለስ መሀል ሲደርስ ከላይ የከባድ መኪና ዓይነት ድምፅ ሰማን።

«ደራሽ ነው! ውጣ! ሰዒድ፣ ውጣ!» አሉ አቶ ዳምጠው።

ሮጠ። ግን ከውሃ ውስጥ ምን ያህል ይሮጣል? ቀይ ጭቃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ሰዒድ አንድ ትልቅ ድንጋይ አቀፈ፤ ጭንቅላቱን ብቻ ከውሃው በላይ አየሁት፤ ከዚያ ድንጋዩም አልታየም። አቶ ዳምጠው ዘለው ሊገቡ ሲሉ ሦስት ሆነን በሸሚዛቸው ጎትተን ያዝናቸው። «ልቀቁኝ! ልጄን!» እያሉ ይጮኹ ነበር።

የአቅራቢያው መንደር ሰው ጩኸታችንን ሰምቶ ወጣ። ጨልሞ ዓይን እስኪይዝ ድረስ በሁለቱም ዳር ወርደን ፈለግን። አላገኘነውም። ጠዋት ውሃው ሲጎድል አስከሬኑ ከታች አሸዋ ላይ ተገኘ።

ቀብር

በመንደሩ ለሕፃናት ቁርአን የሚያስቀሩት ሼህ እንድሪስ አጠቡት፤ ከፈኑት። ፖሊስ መጥቶ አይቶ ሄደ። አስከሬኑን ይዘን እንዳንመለስ ያው ዝናብ ከመካነ ሰላም ማዶ ተራራውን ንዶ መንገዱን ዘግቶታል። አጎቱ በስልክ ስንነግራቸው «እዚያው ይቀበር። አፈሩ ያው የአላህ አፈር ነው» አሉ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ቃሬዛውን ልሸከም ብዬ ስጠይቅ ሼህ እንድሪስ ቦታ ለቀቁልኝ። ከጫካው ወዲህ ረዥም ዛፍ ያየሁት እዚያ መቃብር ላይ ብቻ ነው። ከመቃብር ዛፍ የሚቆርጥ የለም።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሼሁ ትከሻዬን ያዙኝ።

«አብሽር፣ አይዞህ ልጄ። እንግዳ ሆኖ መጣ፤ አሁን የኛው ነው።»

መልስ

መንገዱ ሲከፈት ተመለስን። በመስኮት የማየው ያንኑ የታረሰ ተራራ ነው፤ ስንሄድ ግን እንደማንኛውም አገር ቆጥሬው ነበር ያለፍኩት። አሁን እያንዳንዱን ገደል ሳይ ከላይ ሲዘንብ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ከታች ማን እንዳለ ነው የማስበው። መምህራችን የነገሩንን ሁላችንም ሰምተን ነበር፤ እሳቸውም ያውቁት ነበር። ማወቅና መፍራት ለየቅል መሆናቸውን የተማርኩት ከዚያ ጉዞ ነው።

ደሴ እንደገባን በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድን። አጎቱ ስልካቸውን ሰጡኝ። ከሳውዲ የደወሉት እናቱ ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው፤ አሠሪዎቻቸው እንዲመጡ አልፈቀዱላቸውም።

«አንተ ነህ አብረኸው የነበርከው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሰው ነበረው? ሲቀበር?»

«መንደሩ በሙሉ ወጥቶለታል። ሥራ የሄደ እንኳ አልነበረም።»

«የሚያውቀው የለ… የማን ነው ብለው ወጡ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ቦታውስ? ፀሐይ ነው?»

«አይደለም። ትልቅ ወይራ አለ። ጥላው መቃብሩ ላይ ያርፋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ከስልኩ ማዶ የሴት ድምፅ በዐረብኛ ተጣራ፤ ወይዘሮ ዘይነባም እያለቀሱ «አቤት» ብለው ሄዱ፤ ስልኩን ሳይዘጉት።