አቶ ምንም የለም መደነቅ ሲማር

ባሌ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መደነቅ እየተማረ ነው። ያውም በስፓኒሽ። ጧት ጧት መታጠቢያ ቤት ይገባና ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ «ኖ ሜ ዲጋስ» ይለዋል። መስታወት ውስጥ ያለው ሰውዬ አይደነቅም፤ እሱም አይደነቅም። እኔ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ በር ላይ ተራ እጠብቃለሁ። ካረጁ አይበጁ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የመስታወቱ ዙሪያ በናስትሮ ተለብጧል። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀት ይለጥፍ ነበር። የእኔ ባል ግን ዕድሜ ልኩን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲጠቀልልበት የኖረውን ጥቁር ፕላስተር እየቆረጠ በነጭ ቀለም ይጽፍበታል። ከላይ «ማድሬ ሚያ» ይላል፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ኦ ማይ ጉድነስ»፤ ወይ ጉድ እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ በኩል የሚዞረው ስልኩ ላይ ያለው ማስተማሪያ ስፓኒሹን የሚፈታው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ የለቀመው ከማሽን መመሪያ ላይ ነው፤ አጥርቶ የሚያውቀው «አደጋ አለ፣ አትንካ» የሚለውን ብቻ ነው።

አንድ ቀን የ«ኖ ሜ ዲጋስ» ፍቺ በእንግሊዝኛ «ዩ ዶንት ሴይ» መሆኑን አይቶ ተበሳጨ። «የልጅ ልጄን ‹አትናገሪ› ልበላት እንዴ? እኔ እንድታወራኝ ነው የምፈልገው» አለኝ።

«‹አትይኝም› ማለት ነው። እኔ ሰው ወሬ ሲነግረኝ ስንቴ ስል ሰምተኸኛል» አልኩት።

«አንቺ ብዙ ነገር ትያለሽ» አለና ወደ መስታወቱ ዞረ።

ሥራው ሊፍት ጥገና ነበር። ሰው ሊፍት ውስጥ ተቆልፎበት ግድግዳውን ሲደበድብ በሩ ጋ ደርሶ፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው ረጋ ብሎ «ምንም የለም፤ አለሁ» የሚለው እሱ ነው። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ውስጥ ዘበኛውም ጸሐፊዋም «አቶ ምንም የለም» እያሉ ነው የሚጠሩት። እኔም ያወቅሁት እንደዚሁ ነው። ልብስ ስፌት የምሠራበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ፣ የሰው የሙሽራ ልብስ እንደታቀፍኩ መብራት ጠፍቶ ቀረሁ። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ሲዘጋ ከውጭ «ምንም የለም፤ አለሁ። እስክከፍተው ከእኔ ጋር አውሪ» አለኝ። በሩ ተከፍቶ መልኩን ሳላይ ድምፁን ወድጄ ጨርሻለሁ። ያ ድምፅ ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚያደርገኝ ማን ነግሮኝ።

እኔ ወሬ ያለ ግርምት አይጥመኝም። «ወይ ጉድ» ያልተባለበት ወሬ ጨው እንደሌለው ምግብ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ጉዱ ተሰምቶም ምንም አይጠባም። «ጎረቤታችን ባሏን ጥላ ሄደች» ብዬ እየሮጥኩ እገባለሁ። «እና? ቁልፉን ለማን ሰጠች?» ይለኛል። ስንት ዓመት ጠብቀን፣ ተስፋ ቆርጠን ከተውነው በኋላ ያረገዝኩ ጊዜ እንኳ፣ እያለቀስኩ ስነግረው «ደግ። ከዛሬ ጀምሮ በደረጃ አትውጪ» ብሎ የመሣሪያ ሣጥኑን አንሥቶ ወጣ። የዚያን ቀኑ ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። በኋላ ዘበኛው እንደነገረኝ የሄደው እኔ ወደምሠራበት ሕንፃ ነው፤ ማንም ሳይጠራው የሊፍቱን ገመድ ከላይ እስከ ታች ሲፈትሽ ዋለ። መፈተሹ ደግ ነው። ቢሆንም አንዲት «ወይ ጉድ» ምን ታወጣው ነበር?

ምክንያቱን አላውቀውም አልልም። ሊፍት የሚጠግኑ ሰዎች አንዱ ሊፍቱ የሚወጣ የሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ሌላው ከላይ ሞተሩ ጋ ሆነው ነው የሚሠሩት። አይተያዩም፤ ያላቸው ድምፅ ብቻ ነው። በባሌ ቡድን ውስጥ «ውይ» ማለት «አቁም» ማለት ነው። «ውይ» የሰማ ሰው ለምን ሳይል ቀዩን ቁልፍ ይመታል። በወጣትነታቸው እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራቸውም። ከመካከላቸው አንድ ጨዋታ ወዳድ ነበር፤ አይጥም አየ፣ የወደቀ ሳንቲምም አገኘ «ውይ» ነው። አንድ ቀን ከጉድጓዱ ውስጥ ሲጮኽ የላይኞቹ «የእርግብ ጎጆ አይቶ ይሆናል» ብለው ተሳሳቁ። እግሩ ተይዞ ነበር የሚጮኸው። ሰውዬው እስከ ዛሬ ያነክሳል። ከዚያ ወዲህ ባሌ አለቃ ሲሆን በከንቱ «ውይ» ያለውን ሁሉ ለዕለቱ ከሥራ አሰናብቶ ወደ ቤቱ ይልክ ነበር። ሕጉ እሱን ተከትሎ እኛም ቤት ገባ። የፈላ ሻይ ጭኑ ላይ ሲደፋ እንኳ ዝም ብሎ ጨርቅ ፍለጋ ነው የሚነሣው።

ለእኔ ግድ የለም፤ ለምጄዋለሁ። ችግሩ የልጅ ልጃችን ናት።

ልጃችን ያገባችው ሩቅ አገር ነው። ባሏ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነው፤ ልጃቸውም ከአባቷ ቋንቋ ሌላ ትንሽ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የምታውቀው። የእኛን ቋንቋ «ስታድግ ትማራለች» እያሉ አሳደጓት። አምስት ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ በስልክ እንተያያለን። እኔን ቋንቋ አላስቸገረኝም፤ የወለቀ ጥርሷን ስታሳየኝ አፌን ከፍቼ እጄን ጉንጬ ላይ ስጭን ትንከተከታለች። አያቷ ግን መነጽሩን ያስተካክልና ጥርሷን እንዳለቀ ማርሽ ይመረምረዋል። ከዚያ «ደግ» ይላል። ሥዕል አሳየችው፤ «ደግ»። በአንድ እግሯ ዘለለችለት፤ «ደግ»። ልጅ ስንት ጊዜ ትሞክራለች? እሱ ስልኩን ሲይዝ ወንበሯን ጥላ መሄድ ጀመረች፤ ባሌም ባዶ ወንበር ሲያይ ይቆያል።

ልጃችን አንድ እሑድ እየፈራች ነገረችው። «አባዬ፣ እንዳይከፋህ። ‹አያቴ አይወደኝም፣ ምንም ባሳየው አይገርመውም› ትላለች።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የመሣሪያ ሣጥኑን አውርዶ ሲያገላብጥ አመሸ። በማግስቱ ናስትሮው ወጣ።

እኔን ያነደደኝ ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ቁርስ ላይ «እስቲ አንድ አስገራሚ ነገር ንገሪኝ» ይለኛል።

«ለምን?»

«ልለማመድበት።»

ዕድሜዬን ሙሉ ያመጣሁለትን ጉድ ሁሉ እንደ እጣቢ ሲደፋው ኖሮ ዛሬ ለመለማመጃ ፈለገኝ። ሆዴ አይጨክንም፤ «የላይኛው ፎቅ ሴትዮ መንታ ወለደች» አልኩት። ቅንድቡን በጣቱ ወደ ላይ ገፋ አደረገና፣ ቆጣሪ በሚያነብ ሰው ድምፅ «ኤን ሴርዮ» አለ፤ ‹የምርሽን ነው?› ማለቱ ነው። ጣቱን ሲያነሣ ቅንድቡ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«አንድ ጊዜ እንኳ በቋንቋችን ብትለኝስ?» አልኩት።

«እሷ አትሰማውማ።»

«እኔ እሰማዋለሁ።»

ስልኩን አንሥቶ ማስተማሪያውን ከፈተ። እኔም ሻይዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

እሑድ ደረሰ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ልጅቷ በእናቷ ጉትጎታ ፊቷን አኮሳትራ መጣች። የሳለችውን ፈረስ ወደ ስልኩ አስጠጋችለት። ባሌ ቅንድቡን በጣቱ አንሥቶ «ማድሬ ሚያ» አላት።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?» አለ ባሌ።

ልጃችን ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አያቴን አሞት ነው ወይ ትላለች» አለችው።

«ኖ ሜ ዲጋስ» አለ። የዚያን ቀን ቦታዋን አግኝታ የተባለች ቃል እሷ ብቻ ናት።

ልጅቷ ከወንበሯ ወርዳ ወደ ጓዳ ሮጠች። «ሌላ ነገር ላምጣለት ብላ ነው» አለች ልጃችን፤ ከዚያም ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ አባቷን ታጽናናው ጀመር፤ ልጅ ናት፣ ነገ ትረሳዋለች፣ ራስህን አታድክም ትለዋለች። ከኋላዋ በክፍቱ በር በኩል ረጅም ባለመሳቢያ ዕቃ ይታያል። ልጅቷ መሳቢያዎቹን ጎትታ እንደ ደረጃ እየረገጠች ትወጣለች፤ ከላይ የተቀመጠ ሣጥን ልታወርድ ነው። እኔም አይቻታለሁ፤ እንዴት አድጋለች ብዬ ነው ያሰብኩት። ዕቃው ቀስ ብሎ ወደ ፊት ማዘንበል ጀመረ።

«ውይ!»

አብሬው ስኖር ይህን ድምፅ ከባሌ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ልጅቷ እንደ ቆመች ደረቀች። ልጃችን የአባቷን ሕግ ከሕፃንነቷ ታውቃለች፤ ምን ሆነ ብላ ሳትጠይቅ አባቷ ወደሚያይበት ዞራ፣ ዘልላ ዕቃውን በትከሻዋ ደገፈች፣ ልጅቷንም በወገቧ ይዛ አወረደቻት። ሣጥኑ ወድቆ የልጅ ዶቃ ወለሉ ላይ ተበተነ። ከዚያ ሌላ ምንም አልሆነም።

ባሌ ቆሟል። ቀኝ እጁ የሳሎናችንን ግድግዳ ይዳብሳል፤ ቀዩን ቁልፍ እየፈለገ ነው። አፉ ተከፍቷል፣ ቅንድቡ ያለ ጣት ወጥቷል።

ልጅቷ ወደ ስልኩ ተጠግታ ፊቱን ብዙ አየችው። ከዚያ ሳቀች። «ውይ» አለችና ጣቷን ቀሰረችበት፤ ድገመው ማለቷ ነው።

«አይሆንም» አለ ባሌ። «ይሄ ቃል የጨዋታ አይደለም። ንገሪያት።»

«አባዬ» አለች ልጃችን፣ ዶቃውን ከወለሉ እየለቀመች፣ «እስከ ዛሬ ካንተ አንድ ነገር ጠይቃ ታውቃለች?»

ዞሮ እኔን አየኝ። አላዘንኩለትም። «በላት እንጂ» አልኩት። ላቡን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና ዝግ ብሎ «ውይ» አላት። ልጅቷ ስትስቅ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃታት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ስልኩ እሑድን አይጠብቅም። የምትፈልገውም እሱን ነው፤ እኔን ማን ያስታውሰኛል። ናስትሮውን ከመስታወቱ ላይ በቢላ ፈቅፍቄ ጣልኩት። ለእኔ ወሬ መልሱ አሁንም «እና?» ነው። ልጅቷ ግን ማንኪያ ይዛ «ውይ» ትለዋለች። ካልሲዋን ይዛ «ውይ» ትለዋለች። እሱም በእያንዳንዷ «ውይ» ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ እጁ ግድግዳውን ይዳብሳል። እሷ የምትወደው ይህንኑ ነው። ሐኪሙ ልብህን አታስደንግጠው ያለውን ሰው እንዲህ ሲሆን ማየት አንጀቴን ያሳርረዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ማንኪያ እኮ ነው» እለዋለሁ። «ቁጭ ብለህ ‹ውይ› ብትላትስ?»

«ያኔም የእርግብ ጎጆ ነው ብለን ነው ቁጭ ያልነው» ይለኛል። ስልኩ እስኪዘጋ አይቀመጥም።