ያልተመረቁት ታብሌቶች

በትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ገጽ ላይ ሪባን የሚቆረጥበት አንድ ፎቶ አለ። ከሥሩ «በርዕሰ መምህራችን አነሳሽነት የተጀመረው የዲጂታል ትምህርት» ይላል። ፎቶው ላይ የለሁም፤ ያ አይከፋኝም። የሚከፋኝ ጽሑፉ ነው። ትምህርቱ የተጀመረው ሪባኑ ከመቆረጡ ሁለት ወር በፊት፣ በእኔ ክፍል፣ በእኔ ፊርማ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁና ብናገር የሚቀርብኝ ነገር የለም። ስም ግን አልጠራም። የሚመለከተው ራሱን ያውቃል።

ሸዋ ሮቢት ላይ ብዙ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አገር አቀፉን ፈተና በወረቀት ሳይሆን በስክሪን እንደሚፈተኑ ተነገረን። የከተማው ልጆች ብዙም አላሳሰቡኝም፤ ስልክ ይነካሉ። ከቀወት ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች የሚመጡት፣ ጠዋት ማሾ ሲለቅሙ ቆይተው ከሰዓት ክፍል የሚገቡት ግን ከአባታቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ሌላ አያውቁም ነበር።

በዚያው ሰሞን አርባ ታብሌቶች በእርዳታ መጡ። አብሯቸው አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች፤ ያለ ኢንተርኔት ታብሌቶቹን እርስ በርስ ታገናኛለች። አንዱ የጻፈው በሌላው ስክሪን ላይ ይታያል፤ የተጻፈውም እዚያችው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ርዕሰ መምህሩ ሁሉንም ንብረት ክፍል አስገብቶ አስቆለፈባቸው። ከላይ እንግዳ መጥቶ እስኪመርቅ አይነኩም አለ። እኛ ዘንድ ያልተመረቀ ነገር አይነካም። የውኃ ቧንቧ እንኳ ባለሥልጣን ካልከፈተው ሕዝብ አይቀዳበትም። እንግዳው ግን አንዴ በስብሰባ፣ አንዴ በመንገድ፣ አንዴ ያለ ምክንያት ይቀራል።

በመምህራን ስብሰባ ላይ «ልጆቹ ከፈተናው በፊት ይንኩት» አልኩ።

«እትዬ፣ እርስዎ ጠመኔዎን ይያዙ» አለኝ ርዕሰ መምህሩ። «ይሄ የወጣት ነገር ነው።»

ሁሉም ሳቁ። አብልጦ የሳቀው የአይሲቲ መምህሩ ነበር። ስለ ዲጂታል ትምህርት ሁለት ቀን ሙሉ ሥልጠና የሰጠን እሱ ነው። ታብሌቶቹን ፈርመህ አውጣ ሲባል ግን ቢሰበር ተጠያቂ አልሆንም ያለውም እሱ ነው።

ወደ ንብረት ክፍል ሠራተኛው ሄድኩ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ የበሰለ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ የንብረት ማውጫ ሞዴሉን ያምጡልኝ። አርባውንም እፈርማለሁ።»

«ወላሂ እትዬ፣ አንዱ ቢጠፋ ከራስዎ አልወርድም!»

«አይውረዱ።»

«ርዕሰ መምህሩ ቢያዩስ?»

«እሱ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ታይቶ ያውቃል?»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቁልፉን አወጣ። አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ፤ በስክሪኑ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ እንዳይነሳ። ሁለት ወር ሙሉ የተማርነው በላስቲኩ ላይ ነው።

አጠቃቀሙን ከመመሪያው ወረቀት ላይ በመነጽር አነበብኩ። ቀላል ነው። ተማሪዎቹን በቡድን ከፈልኳቸው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ገጽ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቀለም። ርዕሱ ወባ ነበር፤ ቆላ ለተወለደ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ጻፉ አልኳቸው። ማንም አልጻፈም።

መጀመሪያ ፈርተው መሰለኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ አይጀምርም፤ በማዕድም፣ በንግግርም፣ በዚህም። እኔ አንድ መስመር ስጽፍ ያንኑ መስመር በየቀለማቸው ገለበጡት። አርባ ጊዜ ራሴን አነበብኩ። እንዲህ ከሆነማ ጥቁር ሰሌዳው ይበቃን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሆን ብዬ «ወባን የሚያስተላልፈው ወንዱ ትንኝ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ገሚሱ ገለበጠ። ገሚሱ አቀርቅሮ ቀረ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት የገጠር ልጅ በቀይ ከሥሩ ጻፈች፤ «ቲቸር ይቅርታ፣ ወንዱ ደም አይመጥም።»

«እኛ ሰፈር ወንዱም ደም ይጠጣል!» አለ አንዱ ከኋላ።

«የእናንተ ሰፈር ወንድ ምን ያላደረገው አለ!» አለችው ሳትዞር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ የሚጠብቀኝ ጠፋ። ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ይከራከራሉ። የሙስሊሙ ልጅ ከክርስቲያኑ፣ የከተማው ከገጠሩ ጋር አንድ ገጽ ላይ ይጣላሉ። የአራት ዓመቱን ትምህርት ምዕራፍ በምዕራፍ በራሳቸው ቃል አጠናቀሩት። ለፈተናው የሚያጠኑት ያንን ነበር።

አንድ ጠዋት እንግዶቹ ነገ ይመጣሉ ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ሊቆጥር ንብረት ክፍል ሲገባ ካርቶኖቹ ባዶ ናቸው። ሞዴሉ ላይ ፊርማዬን አይቶ አስጠራኝ። አልጮኸም፤ እሱ የሚጮኸው ሰው ሲያይለት ነው። የአይሲቲ መምህሩን ጠርቶ «ሁሉንም አጥፋና እንደ አዲስ አድርጋቸው፤ ሳጥኑንም» አለው።

«የልጆቹ ጽሑፍ አለበት» አልኩ። «አንድ ቀን ይስጡኝ፣ በእጅ ይገልብጡት። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀራቸው።»

«አሮጌ ዕቃ ላስመርቅ ነው?» አለኝ።

ከምሳ በፊት ሁሉም ባዶ ሆነ። ታብሌቶቹ ካርቶናቸው ውስጥ ተመለሱ፤ ካርቶኖቹም በማጣበቂያ ታሸጉ። ተማሪዎቹ ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው ሁኑ ተባሉ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም።

በማግስቱ ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ። እንግዳው ካርቶን አስከፍቶ ያችኑ በቀይ የጻፈችውን ልጅ ወደ ፊት ጠራት። ለምን እሷን እንደመረጠ አላውቅም፤ ፊተኛው ረድፍ ላይ ስለነበረች ይሆናል።

«ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ በዚህች ነው የሚከፈተው» ብሎ ተጫነ። አልተከፈተም። ደገመ።

«ባትሪው ይሆናል፣ ክቡርነትዎ» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ጋሼ፣ እሱ ድምፅ መጨመሪያው ነው» አለች ልጅቷ። «መክፈቻው ከሥሩ ያለው ነው።»

ከፈተችው። እንግዳው ሳቀ። «እንዴት አወቅሽ?»

«ሁለት ወር ተምረንበታል። ትናንት አጠፉብን እንጂ ብዙ ጽፈን ነበር።»

የርዕሰ መምህሩን ፊት አየሁ። ለአፍታ ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። እሱ ግን ልምድ ያለው ሰው ነው። «አዎ ክቡርነትዎ፣ ከምረቃው በፊት በሙከራ አስጀምረነው ነበር» አለ። ተጨበጨበለት። በዚያው ሳምንት ለእሱ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ ለእኔ «ያለ ፈቃድ ንብረት በመጠቀም» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ታብሌቶቹም ለሚቀጥለው እንግዳ ተብለው ተቆለፉ።

ልጆቹ በቀሩት ሦስት ሳምንታት ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር እየተቀመጡ ጽሑፉን በደብተር መለሱት። ቀዩ የእኔ ነው፣ አረንጓዴው የእሷ ነው እየተባባሉ እያንዳንዱ የጻፈውን አስታወሰ። ሁሉም አልተመለሰም። የልብና የደም ዝውውሩ ክፍል ገሚሱ ጠፍቶ ቀረ።

ለፈተናው ደብረ ብርሃን ሄዱ። ልጅቷ ከዚያ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ስክሪኑ አላስፈራኝም። ጊዜው ነው ያጠረኝ» አለች። ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ በቃ። የብዙዎቹ አልበቃም። ጽሑፉ ባይጠፋ ኖሮ ስንቱ ይጨመር እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ እኔም አልጠይቅም።

ጡረታ ስወጣ ርዕሰ መምህሩ ማኅደሬን ፊቱ ዘርግቶ ጠበቀኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ነጥሎ ይዞታል።

«እትዬ፣ ይህችን እናውጣልዎትና ንጹሕ ሆነው ይሰናበቱ» አለኝ። ደግነት መሆኑ ነው።

«አይወጣም» አልኩት።

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ያንብቡት።»

አነበበው። ታብሌቶቹን ማን እንዳወጣቸው፣ በየትኛው ክፍል እንደሠሩ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ፣ ሁሉም በራሱ ፊርማ ተጽፏል። የፈረምኩበት ሞዴል ዕቃው ሲመለስ ተቀዷል፤ ሌላ የሚመሰክርልኝ ወረቀት ግቢው ውስጥ የለም። ቀስ ብሎ ወደ ማኅደሩ መለሰው።

ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ጠየቅኩ። ጸሐፊዋ አዘጋጅታ ሰጠችኝ፤ ፈርሜ ተቀበልኩና ወጣሁ።