ሰው ሳይጠሩ የሚነሱበት ወንበር

ሰፈሩ «ምርመራ» ይላታል። ዳቦ ሻጩን ዳቦው ለምን እንዳነሰ፣ ጎረቤቷን መጋረጃው ለምን እንደተቀየረ ሳትጠይቅ አታልፍም። ከሁሉ የከነከናት ግን የገዛ ቤቷ ነገር ነበር። ባሏ አናጺ ነው፤ ያውም እጀ ወርቅ። ታዲያ አንዴ ያሠራው ሰው ለምን ተመልሶ አይመጣም?

አናጺው በርም፣ አልጋም፣ የሱቅ መደርደሪያም፣ የዶሮ ቤትም ይሠራል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ለመጣለት ሁሉ እሺ ነው። ሥራው ግን እየሳሳ ሄደና ወሩ ሲያልቅ ወርክሾፑን ዘግቶ ሌላ ከተማ ያለ ፋብሪካ ሊቀጠር ተስማማ። እሷና ልጆቹ እዚሁ ሊቀሩ ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ባልቴት ወንበር አስይዘው መጡ። ከፍ አድርግልኝ አሉት። አናጺው እንዲህ ያለ ጥቃቅን ሥራ አይወድም፤ እያጉረመረመ የወንበሩን እግር አስረዘመ፣ የክንድ መደገፊያም ጨመረበት። ባልቴቷ ተቀመጡ፣ ተነሱ። ደግመው ተቀምጠው ተነሱና ብቻቸውን ሳቁ።

«ምን አሳቀዎት እማማ?» አለች ምርመራ።

«ምራቴን ሳልጠራ ተነሳሁ። ሽንት በመጣ ቁጥር ሰው መጥራት እንዴት እንደሚያሳፍር አታውቂም፣ ልጄ።»

በሳምንቱ ባልቴቷ ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። ቀጥሎ አንድ ሾፌር አባቱን ደግፎ መጣ። ምርመራ ጆሮዋን አቆመች።

«አንተ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ፍለጋ ነው የሚመጡት?»

«ወንበር ነዋ።»

«ወንበርማ ገበያው ሞልቷል። ማንንም ሳያስቸግሩ መነሳት ፈልገው ነው። ለምን እሱን ብቻ አንሠራም?»

«ሽማግሌ ሰብስበን ልንከብር?» ብሎ ሳቀባት። ቢሆንም እስከ ወሩ መጨረሻ ልሞክር አለ፤ ጭቅጭቋን ያውቀዋላ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የሱቅ መደርደሪያ ሊያሠራ የመጣን ነጋዴ አናጺው መለሰው፤ እንቢ ማለት ስላልለመደ ጆሮው ቀላ። በምትኩ ያላሰበው ሥራ መጣ፤ ከፍ ያለ አልጋ፣ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ የሚመታ መያዣ። ማንም ቢመጣ መጀመሪያ ያስቀምጠዋል፣ ተንበርክኮ ከጉልበት እስከ መሬት ይለካል፣ የትኛው እጅ እንደሚበረታ ይጠይቃል። ወርክሾፑ ውስጥ ተቀጥሮ ሰዓት እያየ ይውል የነበረው ቀለም ቀቢ እንኳ፣ ዕቃ ሊያደርስ ሲሄድ ያሠሩት ሰው ሲነሱ ሳያይ አልመለስም አለ። ምርመራ እሱንም ለምን ብላ ጠየቀችው። «አሁን ምን እንደምሠራ አወቅኩት» አላት።

ወሩ አለቀ። የፋብሪካው አለቃ ሊወስደው በመኪና መጣ። አናጺው አንድ ሽማግሌ ፊት ተንበርክኮ ነበር።

«ሻንጣህስ?» አለው አለቃው።

«ቆይ፣ መጀመሪያ አባባ ይነሱ።»

ሽማግሌው መደገፊያውን ጨብጠው ራሳቸውን ወደ ላይ ገፉ፤ መሐል ላይ ተንጠለጠሉ። ማንም አልያዛቸውም። ምርመራ ጡጫዋን ጨበጠች። ቆሙ።

«ትንሽ ከፍ ማለት አለበት» አለ አናጺው የወንበሩን እግር እያየ። ከዚያ ወደ አለቃው ዞረ። «ወንድሜ ይቅርታ አድርግልኝ። የእሳቸውን ሳልጨርስ የት እሄዳለሁ?»

«ስትጨርስስ?»

አናጺው በአገጩ ወደ ደጅ አሳየው። አግዳሚው ላይ አዛውንቶች ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ምርመራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እንባዋ መጥቶ ነበር።