አልቆርጥ ያለው አንጀት

ልኬን የቸገረው አንድ ሰው ማግኘት ነበር። ምርመራውን የጤና መድኅኑ ይከፍልለታል፣ ቀጠሮው ተይዟል፣ በውኃ በጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት ከመድኃኒት ቤት መጥቶ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። የጎደለው፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ እጁን ይዞ ቤቱ የሚያደርሰው አዋቂ ሰው ነው። የሆስፒታሉ ወረቀት ይህን በደማቁ ጽፎታል፤ የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደ ታካሚ ብቻውን አይወጣም፣ ታክሲ ደግሞ እንደ ሰው አይቆጠርም።

ልኬ ልብስ ሰፊ ነው። የሚሠራው በሰው አገር፣ አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ ነው። ከፊት ለፊት ደንበኛ ይስተናገዳል፤ ከኋላ እንፋሎቱ፣ ካውያው፣ የልብስ መስቀያው፣ ጥግ ላይ ደግሞ የእሱ የስፌት መኪና። ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ የወፈረ ሰው ጃኬት ያሰፋል። ልኬ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ያገሩ ልጆች ናቸው፤ ሰው ሲያገኝ "እንዴት ዋልክ" ከማለቱ በፊት ትከሻውን በዓይኑ ስለሚለካ። ሚስቱን ከቀበረ ቆይቷል፣ ልጅም አልወለዱም። ከሥራ ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ወደ ሥራ፤ ድካሙን እንደ ካፖርት ለብሶት ይሄዳል፣ ለብሶት ይመለሳል።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። አገር ቤት ያለችው ታናሽ እህቱ ደውላ፣ ታላቃቸው አንጀቱ ላይ ክፉ እጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት ነገረችው።

"ሐኪሙ እህት ወንድም ካለው ይታይ ብሏል፣ ወንድም ጋሼ። አንተ እዚያ ሁሉ ነገር አለልህ፤ ሂድና ታይ።"

"አንቺስ?"

"እኔን ተወኝ። መጀመሪያ አንተ።"

ልኬ ምርመራው ምን እንደሆነ ያጠያየቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኛም ብናውቀው አይከፋም። ትልቁ አንጀት ረጅም ነው፣ ይጠማዘዛል፣ እጥፋቱ ብዙ ነው፤ ሆድን ከውጭ ቢዳስሱት ምሥጢሩን አያወጣም። ስለዚህ ሐኪሙ የጣት ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ የተገጠመለት፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ቱቦ በመቀመጫ በኩል ያስገባል፤ ጥቂት አየር ነፍቶ እጥፋቱን ይከፍትና በስክሪን እያየ እስከ ጥጉ ይሄዳል። ከሁሉም የሚያስደንቀው እያየ መሥራት መቻሉ ነው። መንገድ ላይ ትንሽ እባጭ ካገኘ በዚያው ቱቦ ቀጭን ሽቦ ይልክና እንደ ሸምቀቆ አጥልቆ ይቆርጣታል። ክፉው እጢ ብዙ ጊዜ የሚነሣው እንዲህ ያለች እባጭ ለዓመታት ስትቆይ ስለሆነ፣ ዛሬ የተቆረጠችው ነገ አታስለቅስም። ይህ ለልኬ ወዲያው ገባው። እሱም ካፖርት ሲመጣለት ውጩን አይቶ ዋጋ አይናገርም፤ ገልብጦ ገበሩን ያያል።

መግባቱ ገባው፤ ግን አፈረ። ቱቦው በየት እንደሚገባ ለማን ይነገራል?

እያፈረም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ሄደ። የሚኖርበትን አገር ቋንቋ ለገበያ እንጂ ለሕመም የሚበቃ ያህል አያውቀውምና አስተርጓሚ በስልክ ተጠራች። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ስልክ የወጣት ሴት ድምፅ መጣ። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው፣ ግን እዚያው ያደገች ልጅ መሆኗ ያስታውቃል፤ ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ቃሉ ዞር ብሎ ሌላ ሲናገር ግን አትከተለውም።

"ለምርመራው ዝግጁ ነዎት ወይ እያሉ ነው" አለችው።

"ምን ዝግጁ እሆናለሁ፣ ልጄ። ወንድሜ ከታመመ ወዲህ አንጀቴ ተቃጥሏል። መመርመሩንም አስቤው ነበር፤ አንጀቴ አልቆርጥ አለኝ።"

ልጅቷ እንዳለ፣ ቃል በቃል አሻገረችው። ሐኪሙ ከስክሪኑ ቀና አለ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው አልቆርጥ ያለዎት?"

"እንግዲህ ያ የእህቴ ስልክ ከመጣ ወዲህ ነው።"

"ሁልጊዜ ነው?"

"ኧረ አንዳንዴ ጠዋት ላይ ይቆርጣል። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይላላል።"

"ማቃጠሉስ?"

"እሱማ መቼ ተለየኝ።"

ልኬ በልቡ፣ እንዲህ የሰውን ጭንቀት አብጠርጥሮ የሚጠይቅ ሐኪም አይቼ አላውቅም አለ። ሐኪሙ በበኩሉ የሚሰማው ጠዋት ጋብ ስለሚል፣ ከሰዓት ስለሚላላ፣ ቀኑን ሙሉ ስለሚያቃጥል አንጀት ነው፤ በዚያ ላይ የታመመ ወንድም አለ። ሰው ወራት ወረፋ የሚጠብቅለት ምርመራ "አስቸኳይ" ተብሎ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። ልኬም ሰው የሚፈልግበት ጊዜ አጠረበት።

ሰው ፍለጋው እንዲህ ነበር። የንጽሕና ቤቱን ባለቤት እንዳይጠይቅ፣ እሷ ከወጣች ሱቁ ይዘጋል። አጃቢ የሚያከራይ ድርጅት አለ ሲባል ደወለ፤ ለአንድ ከሰዓት የጠሩለትን ዋጋ ሲሰማ "አመሰግናለሁ" ብሎ ዘጋው። አንድ ሌላ መንገድ ቀረ። የሚያስተኛውን መድኃኒት እምቢ ያለ ታካሚ አጃቢ አያስፈልገውም፤ ነቅቶ ይመረመርና ሱሪውን ታጥቆ በአውቶቡስ ይሄዳል። ምቾት ሰው ያስከፍላል፣ ሕመም በነፃ ነው። ወደዚያው አጋደለና የሆስፒታሉን ነርስ በአስተርጓሚ በኩል በስልክ ጠየቃት።

"ብዙ ሰው ይችለዋል" አለችው። "ግን ቱቦው ጥምዝምዙ ጋ ሲደርስ ያስጨንቃል። ካልቻሉ እናቋርጠዋለን፤ ከዚያ በላይ ያለው ሳይታይ ይቀራል።"

ግማሹ የታየ ገበር ምን ይረባል? ልኬ ደክሞት ስልኩን አስቀመጠና የመጨረሻው ሰው ጋ ሄደ።

የመጨረሻው ሰው ያገሩ ልጅ፣ ታክሲ ነጂ ነው። "ሬዲዮ" ይሉታል፤ ጠዋት የነገሩትን ወሬ እስከ ማታ ከተማውን ያዞረዋል። መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ልኬ ወረቀቱን ሰጠው።

"አንድ ነገር ልለምንህ ነበር። ግን አፍህን ትዘጋለህ።"

"ሥራ ልታስፈታኝ ነው?" ሬዲዮ ወረቀቱን አነበበ። "ታክሲ እንደ ሰው አይቆጠርም። እንዲህ ነው? ይኸን ሁሉ ዘመን ነድቼ ዛሬ በጽሑፍ ተነገረኝ።"

"መኪናውን ነው እንጂ አንተን ነው እንዴ?"

"የት ላይ ለይተው ጻፉት?" ገጹን ገለበጠ። "ለመሆኑ የሚያዩህ በየት በኩል ገብተው ነው?"

ልኬ ጫማውን አየ።

"በጓሮ በር በለኛ" አለ ሬዲዮ።

"ይኸው፣ ገና ሳንሄድ ጀመርክ።"

"እሺ፣ ዘጋሁ። ጠዋት እወስድሃለሁ።"

ከምርመራው በፊት ያለው ዝግጅት ከምርመራው ይከብዳል ይላሉ፣ ልኬም ይመሰክራል። መጀመሪያ ፍሬና ልጣጭ ያለው ምግብ ይቀራል። ቀጥሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ብቻ ይጠጣል፤ ወተት የሌለው ሻይ፣ የተጣራ መረቅ፣ የፖም ጭማቂ። ከዚያ ዱቄቱ ይመጣል። ጣዕሙ ሎሚ ጠብ ያለበት የጨው ውኃ ነው። ሥራው ግን ብልህ ነው፤ ሰውነት ስለማይመጠው፣ የገባው ሁሉ ያገኘውን እየጠረገ ይወጣል። አቀዝቅዞ፣ በቀጭን መምጠጫ፣ ምላስን እያታለሉ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ይሻላል። ልኬ ጊዜ እንዳያባክን ዘምዘማቱ የተተረተረ ሱሪ ይዞ የመጸዳጃው በር ላይ ወንበር ዘረጋ፤ መርፌውን በሰካ ቁጥር ተነሣ። ዕድሜውን በልብስ እጥበት ቤት ኖሮ፣ ሰውም ከውስጥ እንደሚታጠብ ያወቀው ያን ዕለት ነው።

ጠዋት ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ ሬዲዮን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከሰው ሁሉ ይህን ስትጠይቅ የከረመች ትመስላለች።

"ይህ ታክሲዎ ነው ወይስ ሰውዎ?"

ሬዲዮ አስተርጓሚ አልጠበቀም። "ወንድሙ ነኝ" አላት በቋንቋዋ።

ከኋላው የተከፈተ የሕመምተኛ ቀሚስ አለበሱት። እንዲህ ያለ ስፌት ለሰው የሚሰጥ ማን ነው ብሎ ጨርቁን እያገላበጠ ሳለ፣ ነርሷ ስልኩን አቅርባ መዝገቡን ማንበብ ጀመረች። የዛሬው አስተርጓሚ ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ።

"ጌታው፣ እዚህ ላይ፣ አንጀቴ አይቆርጥም፣ ጠዋት ይሻለዋል፣ ከሰዓት ይላላል ብለዋል ይላል። አሁን እንዴት ነው እያለች ነው።" ቀጥሎ ሽማግሌው ከራሳቸው ጨመሩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኸን እርስዎ በአማርኛ እንዴት አድርገው ነው የተናገሩት?"

ልኬ የተናገረውን ደገመላቸው። ከስልኩ ሳል የመሰለ ነገር ተሰማ፤ ሲቆይ ግን ሳል እንዳልሆነ ታወቀ።

"ጌታው፣ ለካ እርስዎ መወሰን ነው ያቃተዎት። እነሱ የጻፉት ተቅማጥ ነው።"

ልኬ ቀሚሱ ስር በረደው። ወራት የሚጠብቁ ሰዎች ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። ሐኪሙ ተጠርቶ ሲመጣ ሽማግሌውን፣ "የሌላ በሽተኛ ተራ ወስጄ ከሆነ ልመለስ ብሏል በሉልኝ" አላቸው።

ሐኪሙ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። የወንድሙ ሕመም ብቻውን ለመመርመር እንደሚበቃ፣ ወረፋው ግን ይረዝም እንደነበር አስረዳው። የዛሬው አልጋ ተዘጋጅቷል፤ እሱ ቢመለስ ባዶውን ይውላል። ከዚያ አንድ ነገር አከለ፤ ሽማግሌውም ደስ እያላቸው አሻገሩት።

"አሁንስ ቆረጠ ወይ ይላሉ።"

"ምን ቀረውና፣ አባቴ። ቆርጧል።"

ክንዱ ላይ ቀጭን መርፌ ገባ፣ ሞቅ ያለ ብርድ ልብስ ደረቡለት፣ ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ሲለሰልስ አየ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራውን ነገር አላየውም። ሲነቃ ሬዲዮ የልኬን ጫማ ታቅፎ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። የአንጀቱ ጥምዝምዝ ላይ፣ ነቅቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቋረጥበት በነበረው ቦታ፣ አንዲት እባጭ ተገኝታ ተቆርጣለች።

መድኃኒቱ ጨርሶ አልለቀቀውም ነበርና ልኬ መኪና ውስጥ ማውራት ጀመረ። ስለ ታላቁ አወራ፤ ልጅ ሳለ የስፌት መርፌ ሲወጋው የተወጋች ጣቱን ወንድሙ በራሱ አፍ መጥጦ እንዳባበለው፣ አሁን ያ ወንድሙ ተቀዶ ተኝቶ እሱ የትከሻ ስፋት እንደሚለካ። አለቀሰ፣ ስቆ እንደገና አለቀሰ። ሬዲዮ ከመንገዱ ዓይኑን ሳይነቅል፣ "ዛሬ ሬዲዮው አንተ ነህ" ብቻ አለው። እስከ ክፍሉ ደግፎ አስገባው፣ ሻይ አፈላለት፣ እስኪመሽ ተቀመጠ፤ የዚያን ከሰዓት ገቢው ቀረበት።

በማግስቱ ልኬ ከመንገዱ አንዳች አያስታውስም።

"ምን ምን ቀባጠርኩ?"

"ስለ ዚፕ ነው ያወራኸው። አሰልቺ ሰው ነህ።"

ልኬ ወሬው እስኪመጣ ጠበቀ። ቤተ ክርስቲያንም፣ ገበያም፣ ካርታ ጨዋታም ሄደ፤ አንድ ሰው እንኳ ስለ ጓሮ በር አልቀለደበትም።

ውጤቱ መጣ። እባጯ ብትቆይ ወደ ክፉ ልትለወጥ ከምትችለው ወገን ናት፤ በጊዜ ወጥታለች፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይታያል። ልኬ ስልኩን አንሥቶ እህቱ ጋ ደወለ።

"እንግዲህ ተራው ያንቺ ነው።"

"አስቤው ነበር፣ ወንድም ጋሼ። አንጀቴ አልቆርጥ አለኝ።"

ልኬ ሳቁን ዋጠው። "ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። የሚወስድሽ ሰው አጥተሽ ነው?"

"ሰውማ ሞልቶ ተርፎ። የባሌ እህቶች አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ አማቾቼ አሉ። አንዷን ይዤ ብሄድ ሳልመለስ መንደሩ ይሰማዋል። እኔ ያጣሁት የማያወራ ሰው ነው።"

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ይደውላል። እሷ ስለ ታላቃቸው ታወራለታለች፣ ትንሽ መብላት ጀምሯል፣ ከስቷል፣ ይቆጣል ትለዋለች፤ ስለ ራሷ ሲጠይቃት ወጥ አረረብኝ ብላ ትዘጋለች። በስልክ የሚሆን እንዳልሆነ ገባው። ስለዚህ ባለፈው ሰኞ፣ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት፣ ባለቤቲቱን ረዘም ያለ ፈቃድ ጠየቃት።

"ለምንድን ነው?" አለችው፣ የመጣውን ልብስ በየቀለሙ እየለየች።

"እህቴን ከሆስፒታል ቤቷ ማድረስ አለብኝ።"

"ቤቷ ሩቅ ነው?"

"ቅርብ ነው። ሩቁ እኔ ነኝ።"

ሥራው እንዳይቆም ካደረገ አስብበታለሁ አለችው። ልኬ ካፖርቶቹን ከብርዱ ወራት አስቀድሞ እየጨረሰ ነው። ዓይኑ ይደክመዋል፣ ወገቡ ይቆረጥማል፣ አንዳንድ ከሰዓት የስፌት መኪናው ላይ ያሸልበዋል። ፈቃዱ ገና አልተሰጠውም፤ እህቱም እሺ አላለችም። እሱ ግን የሚቀጥለውን ካፖርት ከመስቀያው አውርዶ ይገለብጠዋል፣ ገበሩን በመብራቱ በኩል እያየ የላላውን ስፌት ይፈልጋል።