የኋላ ወንበሩ ቁመት

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፭ ዓመተ ምሕረት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ካርቱም።

ይህን ቀንና ሰዓት የጻፍኩት እዚያው የመኪና መሸጫው ውስጥ ቆሜ፣ ከመኪናው ጋር ከመተዋወቄ በፊት ነው። ልማዴ ነው፤ አንድን ነገር ከመመርመሬ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን እመዘግባለሁ። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ሁለት ዓመት እንኳ ሳልሠራ ከአገር ወጣሁ። ከትምህርቱ የቀረኝ ይህ ልማድና በኪሴ የማላጣው ሜትር ነው።

የሄድነው እኔና ሚስቴ ነን። የሚስቴ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ አሥራ አንድ ወር ሆኗቸዋል። እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከምንኖርበት ከጀሪፍ ሰፈር ተነሥተን መሐል ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ለእጥበት እንሄዳለን። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ በረክሻ መሄድ ቀረ፤ ባለ ሦስት እግሩ በየጉድጓዱ በዘለለ ቁጥር ትጮኻለች። አምጃድ የሚሉት ትንሹ የኪራይ መኪና ደግሞ ወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ እኔና ሾፌሩ ግራና ቀኝ ብብቷን ይዘን እናነሣታለን። በጥቅምት ሁለት ሾፌሮች በተለያየ ቀን ከደጃችን ድረስ መጥተው፣ አይተዋት፣ «ወላሂ እጄ ላይ ትሰበርብኛለች» እያሉ ባዶ መኪናቸውን ይዘው ሄዱ። ሁለቱንም ቀን እጥበቱ አመለጣት። ሐኪሙ፣ «ይህ ከተደጋገመ…» ብሎ ጀመረና አመልካች ጣቱን ወደ ሰማይ አነሣ።

ባሕር ማዶ በነርስነት የምትሠራው ልጃችን ይህን ስትሰማ ለአንድ መካከለኛ አውቶሞቢል የሚበቃ ገንዘብ ላከች። መንዳቱን እችላለሁ፤ እዚህ መምህር ከመሆኔ በፊት የእርዳታ መኪና ነድቻለሁ፣ መንጃ ፈቃዴም አልተቃጠለም። የሚያስፈልገን እሷ ያለ ሰው እጅ የምትቀመጥበትና የምትነሣበት መኪና ነበር። ቤታችን ውስጥ ራሷን ችላ የምትነሣበት አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ ቁመቱ ከመሬት ሃምሳ ሁለት ሳንቲሜትር። ያንን ቁጥር ይዤ ነው የሄድኩት።

አውቶሞቢሉ ከመስተዋቱ ግድግዳ ኋላ ለብቻው ቆሟል። ነጭ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ለማስደነቅ የተሠራ አይመስልም፤ ይህን ወደድኩለት። አፍንጫው አጭር፣ መብራቶቹ ያልተቆጡ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ ነው። ጠጋ ብዬ በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት በደብተሬ ልባድ ጫፍ ፈተንኩት፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። ኮፈኖውን በመዳፌ ጫን ስለው አይንቀጫቀጭም። እንከኑንም ጻፍኩ፦ ጣሪያው ወደ ኋላ ስለሚያዘቀዝቅ ገቢው አንገቱን ሰበር ማድረግ አለበት፤ ሆዱ ለጀሪፍ የክረምት ጉድጓድ ዝቅ ያለ ነው፤ ስኮርታ ጎማው ከሌሎቹ ያንሳል፤ ውስጡ ጥቁር ግራጫ ነው፣ ይህን ቀለም ለዚህ ፀሐይ የመረጠ ሰው እዚህ አገር አልኖረም። ወንበሮቹ ላይ ላስቲኩ ገና አልተገፈፈም። የሙጫና የአዲስ ጎማ ሽታ አለው።

ሻጩ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙ በጥንቃቄ የተተኮሰ ሰው ነው። በአማርኛ ስንነጋገር ሰምቶ ፈገግ እያለ መጣ።

«ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ አንተ ሐበሻ ነሽ?»

ሚስቴ በምርኩዟ ተደግፋ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅዋን ሰማሁ።

«‹ነህ› ነው የሚባለው፤ ‹ነሽ› ለሴት ነው» አልኩት።

«መዓሌሽ፣ ይቅርታ ያ ኡስታዝ። የኔ እናት ሐበሻ። ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ቤት ውስጥ እናቴ ብቻ፣ ለሷ ‹ነሽ› እላለሁ። ሌላ ሰው የለም።»

«ተወው ልጄን፤ አንተ ደግሞ የትም ሄደህ ማስተማር ነው» አለችኝ ሚስቴ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «እናትህ አለች?» አለችው።

«የለም። ሞተ» አለ፤ እዚያ ላይ አላረምኩትም።

ሞተሩን ሊያሳየኝ ኮፈኖውን ሊከፍት ሲል መጀመሪያ የኋላውን በር እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት። ተንበርክኬ ሜትሬን ከወለሉ እስከ ወንበሩ ጠርዝ ዘረጋሁ። ሃምሳ ሦስት ተኩል። ሻጩ ወደ ዐረብኛው ተመልሶ፣ «ሰባት ዓመት መኪና ስሸጥ እንደ ልብስ ሰፊ የሚለካ ደንበኛ አላጋጠመኝም» አለና ሳቀ። ሁለተኛ ለካሁ። ሃምሳ ሦስት ተኩል።

ከቤታችን ወንበር በጥቂቱ ከፍ ያለ፣ ለመነሣት የሚመች ነው። ለሚስቴ «ሞክሪው» አልኳት። እጄን ስዘረጋ ገፋችኝ። ጀርባዋን ሰጥታ በእርጋታ ተቀመጠች፣ አንገቷን ሰበር አደረገች፣ እግሮቿን አንድ በአንድ አስገባች። ላስቲኩ ከሥሯ ተንኮሻኮሸ። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተላትና በሩን ዘጋው። በሩ ሲዘጋ የሰማሁት ድምፅ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነበር። በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ለቀዝቃዛው አየር ስትሰጥ አየኋት። ከዚያ መስተዋቱን አራት ጣት ያህል ዝቅ አደረገች።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ባለ ፔዳል የስፌት መኪና እንኳ ከልክለኸኝ ነበር፤ ዛሬ ባለ አራት ጎማ ልትገዛልኝ ነው?»

ያለችው እውነት ነው፤ ነገሩን ማስረዳት አለብኝ። ከአገር ስንወጣ የያዝነው አንድ የቆዳ ሻንጣ ነበር። ካርቱም በገባን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ሻንጣ ውስጥ የማይገባ ዕቃ አንገዛም። አብረውን የተሰደዱት ሁሉ ያኔ ይህ ደንብ ነበራቸው። የምንመለሰው በሚቀጥለው ዓመት ስለሆነ ቁም ሣጥን ገዝቶ ለማን ይተዋል? እነሱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደንቡን ሰበሩት፤ አልጋ ገዙ፣ ፍሪጅ ገዙ፣ ሱቅ ዐረቢ የሚሉት ገበያ ውስጥ ሱቅ ከፈቱ። እኔ ግን አጠበቅሁት። አርባ አራት ዓመት የተኛንባቸው የገመድ አልጋዎች የአከራያችን ናቸው። ሚስቴ የስፌት መኪናውን ለሦስት ዓመት ለመነችኝ፤ «ማን ይሸከመዋል?» አልኳት። ሰፍታ ልታስገባ የምትችለውን እንጀራ በደንቤ ከለከልኳት። ይህን ጽናት እለው ነበር።

የሱዳን ዜግነት ወረቀት፣ ጂንሲያ የሚሉት፣ በዚሁ ደንብ አልፈልግም ብዬዋለሁ። ከመካከላችን ያገኙት ብዙ ናቸው። እኔ የስደተኛ መታወቂያዬን በየጊዜው እያሳደስኩ ኖርኩ። በዚያ መታወቂያ መኪና በስሜ አይመዘገብም። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መላውንም እናውቃለን። ስማችን የማይገባበትን ነገር በሱዳናዊ ጎረቤት ስም እናደርጋለን። ወረቀቱ የእሱ፣ ዕቃው የእኛ ይሆናል። በመካከላችን ፊርማ የለም። እሱ መዳፉን ዘርግቶ የቁርኣኑን መክፈቻ ፋትሓን ያነብባል፣ እኛም ክርስቲያኖች ብንሆን መዳፋችንን እንዘረጋለን፣ እጅ እንጨባበጣለን፣ አለቀ። እንዲህ የታመነ ሰው ሲክድ በበኩሌ አላየሁም።

የእኛ ሰው ግድግዳ የሚያዋስነን ሐጅ ነው፤ በባቡር ጣቢያ ጸሐፊነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያወቅሁት። በአምስት ሰዓት እንዲመጣ ተቀጣጥረን ነበር፤ በአምስት ሰዓት መጣ። ነጭ ጀለቢያውን እየሰበሰበ መኪናውን ዞረው፣ ጣሪያውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ «ማሻአላህ» አለ። ጎንበስ ብሎ በመስተዋቱ ክፍተት ለሚስቴ፣ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ሙሽራ መስለሻል» አላት።

«ሙሽራውን ግን አየኸው?» አለችው በዐረብኛ ወደ እኔ እየጠቆመች። ሁለቱም ሳቁ።

ሻጩ ቅጹን በኮፈኖው ላይ ዘረጋ። «ተስጂሉ፣ ምዝገባው፣ በማን ስም ነው?»

«በሐጅ» አልኩ።

ሐጅ ብዕሩን ተቀበለ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ጸሐፊ ስለነበረ ሳያነብ አይፈርምም። ከዚያ ብዕሩን ቅጹ ላይ አስተኛው።

«ያ ኡስታዝ፣ ከትናንት ጀምሮ ሳስብበት ነበር። አልችልም።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ልቤን ሁለት ጊዜ ከፍተው ጠግነውታል። በስሜ ያለ ነገር ሁሉ በሞትኩ ማግስት ውርስ ነው። ልጆቼን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ አውቃቸዋለሁ። ትልቁ ያፍራል። ሁለተኛው አያፍርም፤ ለቅሶው ሳይነሣ መጥቶ ከደጅህ ይነዳዋል። አንተ ምን ወረቀት ታሳየዋለህ?»

«ፋትሓ እናነብባለን፣ እንደ ሁሉም ሰው።»

«ፋትሓው የሚያስረው እኔን ነው። እነሱን አያስርም። ሴትዮዋ ለሆስፒታል የምትሄድበትን መኪና ልጄ ሲወስድባት፣ እኔ መቃብር ውስጥ ሆኜ የምጠየቅበት ነው።»

 ቢዋሽ፣ ቢያመካኝ፣ ገንዘብ ቢፈልግ እከራከረው ነበር። እውነቱን ነገረኝ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «ያኔ፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ጂንሲያው ሲሰጥ፣ ና ምስክር ልሁንህ ብዬህ ነበር። ደጅህ ድረስ መጥቼ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

«በሚቀጥለው ዓመት አገሬ ነኝ ብዬህ ይሆናል» አልኩት።

«‹ለፋሲካ አገራችን ነን› ነው ያልከው» አለች ሚስቴ ከመኪናው ውስጥ። ዓይኗን እንደገና ጨፍናለች። «እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሐጅ ሻዩን እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።»

ሻጩ አማርኛውንም ዐረብኛውንም ሰምቷል። ቅጹን ቀስ ብሎ አጠፈና፣ «ያ ዐሚ፣ ዘመድ የለህም? የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ ጂንሲያ ያለው?» አለኝ። የለኝም። የነበሩኝ ወዳጆች ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ሌላ አገር ተሻግረዋል ወይም ሞተዋል። እዚህ የቀረሁት ታማኙ እኔ ነኝ። ለምን ነገር ታማኝ እንደሆንኩ በዚያ ሰዓት ቢጠይቀኝ አልነግረውም ነበር።

ሻጩ ሞተሩን አጠፋው። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ትንሽ ዞሮ ቆመ። ሚስቴ ዓይኗን ገለጠች።

«አለቀ?»

«ወረቀቱ አልተስተካከለም» አልኳት።

«ወረቀቱ» አለች።

በሩን ከፈትኩላት። እጄን እንደገና ገፋችው። በግራ እጇ የበሩን ክፈፍ፣ በቀኟ ምርኩዟን ይዛ እግሮቿን አወጣች፣ አንገቷን ሰበር አደረገች፣ ሦስት ጊዜ ተንፍሳ ተነሣች። ብቻዋን፣ በሁለት እግሯ ቆመች። ሦስት ወንዶች ቆመን እናያታለን። ሐጅ ወደ ውጭ ዞረ። ልኬቴ ትክክል ነበር፤ መኪናው ትክክል ነበር፤ ሰውነቷም የሚችለውን ሁሉ አደረገ። በዚያ ቤት ውስጥ የተሳሳተው ነገር እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የተሳሳትኩትም በዚያ ቀን አልነበረም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል።

ሻጩ መኪናውን ሁለት ሳምንት እንደሚያቆይልን ቃል ሰጠ። «ለእናቴ ብዬ» አለ በአማርኛ።

ውጭ ፀሐዩ ወርዶብናል። ሐጅ መንገዱ ላይ ወጥቶ አምጃድ አስቆመ። እኔ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላው ሆነን አነሣናት። ሐጅ ሕመሙ ስላለ ፊቱ ጠቆረ፣ ላብ አጠመቀው፤ «ተው» ብለውም አልለቀቀም። እሷ ጥርሷን ነክሳ አንድ ጊዜ ብቻ አቃሰተች። 

ይህን የምጽፈው ኅዳር ፳፪ ነው። ሐጅ ልጆቹን ሰብስቦ መኪናው ውርስ እንዳልሆነ በጽሑፍ እንዲያምኑለት፣ ሁሉም ከፈረሙ እሱ በስሙ እንደሚያስመዘግብ ነገራቸው። ትልቁ ፈርሟል። ሁለተኛው «ኢንሻ አላህ» ብሏል፤ አልፈረመም፣ እምቢም አላለም። ያለ እሱ ፊርማ ሐጅ ብዕር አይነካም፤ እኔም አልጠይቀውም። ሻጩ የሰጠን ሁለት ሳምንት ሰኞ ያበቃል። ከዚያ በኋላ መኪናው ለእኛ ይቆይ እንደሆነ፣ በማን ስም እንደሚወጣ፣ ሚስቴም ዛሬ ሐሙስ የወሰደን ሾፌር ተመልሶ ካልመጣ እሑድ በምን እንደምትሄድ ገና አልታወቀም።