አባወራ የሌለው ቤት

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ስልኳን ከፍ አድርጋ አንድ የውጭ አገር የምርጫ ተወዳዳሪ ሲጮህ ትሰማ ነበር። «ምን ሆኖ ነው?» አልኳት። «ቤተሰብ ማለት ባልና ሚስት ነው፤ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት የሚጋቡበትን ሕግ አስቀራለሁና ምረጡኝ ይላል» አለችኝ። በሰው አገር ሕግ አልገባም። ነገር ግን ምርጫ በደረሰ ቁጥር ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የሰው ጓዳ ገብቶ የሚቆጥር ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። እንዲህ ያለው ሰው በደርግ ጊዜ እኛም ሰፈር ተነሥቶ ነበር።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ድሬ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ እናቴ አስቴር፣ ጓደኛዋ ሙሚና፣ የሙሚና ሁለት ልጆችና እኔ እንኖር ነበር። የባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቴ ሞቷል፤ የሙሚና ባል በሶማሌ ጦርነት ጊዜ እንደወጣ ቀርቷል። ሁለቱ ሴቶች ለየብቻ ከምንቸገር ብለው ተጠቃለሉና ሳንቡሳ እየጠበሱ አሳደጉን። በዐቢይ ጾም ሙሚና ሳንቡሳውን በምስር ትሞላዋለች፤ በረመዳን ደግሞ እናቴ የማፍጠሪያውን ሾርባ ታደርሳለች። እኛ ሁለቱንም «እማ» ስለምንል አንዷን ስንጠራ ሁለቱም አቤት ይሉ ነበር። የታደልን ልጆች ነበርን።

ለቀበሌው ሊቀመንበርነት የተወዳደረው ጓድ ታደለ ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ፣ ድሬ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ማለቷ የሚያንገበግበው ሰው ነበር። በየመንደሩ እየዞረ፣ «ቤት ማለት አባወራ ያለበት ነው! ሁለት ሴቶች ያለ ወንድ የተቀመጡበትን ቤት አስለቅቄ ለባለትዳር እሰጣለሁ» ይላል። ጥቂቶች ሲያጨበጭቡለት ሞቅ አለውና፣ «አባወራ ከሌለው ቤት ድምፅ አልፈልግም!» ብሎ ጨመረ።

እናቴ ዕቃ መሸካከፍ ጀመረች። ሙሚና፣ «ወላሂ ንቅንቅ አልልም!» እያለች ድስቷን ትፈትጋለች።

እኔ በመሠረተ ትምህርት የሰፈሩን ሴቶች ፊደል ሳስቆጥር ስለነበር የእያንዳንዱን ቤት ገበና አውቃለሁ። የአንዷ ባል ከጅቡቲ ባቡር ላይ አይወርድም፣ የሌላዋ ግንባር ነው፣ የሌላዋ ኮንትሮባንድ ይዞ በረሃ ገብቷል፣ የአንዷ ደግሞ መልካ ጀብዱ መንደር ሌላ ሚስት አለችው። የኛ ሰፈር አባወራ ቤቱ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። «እማ፣ ሰውዬው የለመነንን እንስጠው» አልኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ሦስታችን በየቤቱ ዞርን።

በስብሰባው ቀን በቀበሌው ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሰብሳቢው፣ «ጓድ ታደለን የምትደግፉ፣ እጅ!» አለ። የወጣው እጅ ጥቂት ነው። ሴቶቹ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀዋል።

«እናንተሳ?» አለ ሰብሳቢው።

ሙሚና ተነሣች። «አቦ፣ አባወራ የሌለው ቤት ድምፅ አልፈልግም ያለው ራሱ ነው። የኔ ሰውዬ የለም።»

«የኔም የለም» አለች እናቴ።

«የኔም ባቡር ላይ ነው!» «የኔም ግንባር!» ግቢው ተናወጠ።

ጓድ ታደለ ላቡን እየጠረገ፣ «እናንተን ማለቴ አይደለም! እናንተ እኮ ባል አላችሁ!» አለ።

«ዛሬ ቤት አለ ወይ?» አለችው አንዷ። «የለም። በቃ፣ የተባልነውን ነው ያደረግነው።»

ሌላው ተወዳዳሪ፣ ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ፣ ተመረጠ። ቤታችንን የነካው የለም። ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይነፋል፤ ያን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እነሱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያቆየኋቸው እኔ ነኝ።

አሁን ሁለቱም በሕይወት የሉም። ባለፈው ወር መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ መዝጋቢዋ የእናቴን ስም ጠየቀችኝ፤ የሁለቱንም ነገርኳት።

«እማማ፣ ቦታው ለአንድ ሰው ብቻ ነው» አለችኝ።

«አጠጋግተሽ ጻፊያቸው» አልኳት። «ጠባብ ቦታ ለምደዋል።»